ባይተዋር፣ እንግዳ፣ ቤተኛ

በጉንዳን ጎሬ ውስጥ ስለምትኖር ትንሽ ፌንጣ

ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ስፋቱ ከወፍጮ መጅ አይበልጥም። የግንቦት ፀሐይ ከማለዳ ጀምሮ ስታሞቀው አርፍዳለች። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ ሣሩ አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ አነሣሁት። ከአገር ቤት ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላዬ ቆማለች።

ከድንጋዩ ሥር ያለው አገር ታወከ። ትልልቅ ጥቁር ጉንዳኖች ወዲያና ወዲህ ተራወጡ። ከፊሎቹ መንጋጋቸውን ከፍተው ጠላት ፈለጉ፤ ከፊሎቹ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ እጮቻቸውን በአፋቸው ይዘው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። በጸደይ ማለዳ እጮቻቸውን ወደ ድንጋይ ሥር የሚያወጧቸው ሙቀት እንዲያገኙ ነው። ድንጋዩ ለእነሱ ምድጃ ነው።

በዚያ ትርምስ መሐል አንዲት ሌላ ነገር አየሁ። ቡናማ ናት፣ ድብልብል ናት፣ የምስር ፍሬ ታክላለች። አካሄዷ እንደ ጉንዳኖቹ አይደለም፤ ትታጠፋለች፣ ድንገት ትቆማለች፣ በሁለት ጉንዳኖች መካከል ትሾልካለች። አንዱ ጉንዳን በአንቴናው ዳሰስ አደረጋትና ምንም ሳይላት አለፈ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለች።

“ያቺ ደግሞ ምንድን ናት?” አለች እናቴ ጎንበስ ብላ።

“ፌንጣ ናት፣ እማዬ።”

“ፌንጣ? ጉንዳን ቤት?” እናቴ ያደገችው ጎጃም ገጠር ነው። ጉንዳን የጫጩት ቆጥ ሲወር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ በሌሊት ተነሥታ በበሩ ላይ አመድ የነሰነሰችበትን ጊዜ አትረሳውም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ “ታዲያ እንዴት ሳይበሏት ቀሩ?” አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የነፍሳት አጥኚዎችን ከሁለት መቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲያባዝን የኖረ ነው። መልሱም ስለ አንዲት ፌንጣ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቤት የራሱን ሰው ከሌላው በምን እንደሚለይ፣ ወደዚያ ቤት የገባ ፍጡርም ምን ያህል ዘልቆ እንደሚገባና ለመግባቱ ምን እንደሚከፍል ጭምር ነው።

ዘፈን የሌላት ዘመድ

ማታ ማታ ከሣር ውስጥና ከቤት ጥግ ሲር ሲር እያሉ የሚያመሹትን ፌንጣዎች የማያውቅ የለም። የሚዘፍነው ወንዱ ነው፤ የፊት ክንፎቹን አንዱን በሌላው ላይ እየፋቀ። ጆሯቸው ያለው ደግሞ በፊት እግራቸው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። ከድንጋዩ ሥር ያየናት የእነዚህ ዘፋኞች ዘመድ ናት። ግን ክንፍ ስለሌላት ዘፈን የላትም፤ እንደ ዘመዶቿ ያለ ጆሮም የላትም። ዓይኖቿ አነስተኛ ናቸው። ከወገኗ አብዛኞቹ ዝርያዎች ቁመታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ከትውልድ ከወረሰችው ሀብት አጥብቃ የያዘችው ሦስት ነገር ነው፦ ጭናቸው የደነደነ የኋላ እግሮች፣ ረጃጅም አንቴናዎች፣ ከጀርባዋ ጫፍ የሚወጡ ሁለት ፀጉራም ዘንጎች። በዘንጎቹ ትንሿን የአየር ንቅናቄ ታውቃለች፤ በእግሮቿ ታመልጣለች። ሰላም ባለበት ቤት የሚኖር ፍጡር ይህን ያህል ማምለጫ አያስፈልገውም።

በሳይንስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1799 ነው። ጌኦርግ ፓንዘር የተባለ የኑረምበርግ ሐኪም ክንፍ የሌላትን ድብልብል ነፍሳት ሲያይ በረሮ መሰለችውና በበረሮዎች ተርታ ጻፋት። “አኬርቮሩም” አላት፤ በላቲን “የክምሮች” ማለት ነው። በ1819 ፓኦሎ ሳቪ የተባለ ጣሊያናዊ ስለዚችው “በረሮ” ያስተዋለውን ጻፈ። በ1827 ደግሞ ጀርመናዊው በርትሆልድ ለወገኗ “ሚርሜኮፊሉስ” የሚል ስም አወጣ፤ በግሪክኛ “ጉንዳን ወዳድ” እንደማለት ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩ 60 ያህል ዝርያዎች ከአውሮፓ እስከ እስያ፣ ከአፍሪካ እስከ አሜሪካ ይታወቃሉ።

በምሥራቅ አሜሪካ የምትኖረው ዝርያ “ፐርጋንዴይ” ትባላለች። ስሟ ከቴዎዶር ፐርጋንዴ የመጣ ነው፤ ጀርመን ተወልዶ፣ እዚሁ ዋሽንግተን በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ነፍሳት ሲያጠና የኖረ ሰው ነበር። ሎውረንስ ብሩነር በ1884 በስሙ ሰየመለት። ስለዚህ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ በሚጋገርበት፣ ቡና በሚቆላበት በዚህ አካባቢ፣ ድንጋይ ቀና አድርጎ ለሚያይ ሰው ይህች ፌንጣ የሩቅ አገር ጉድ አይደለችም፤ ጎረቤት ናት።

ኑሮዋ የቁጠባ ኑሮ ነው። የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ እንቁላል ግን ከትንሿ አካሏ አንጻር ሲታይ በጣም ትልቅ ነው። ፓንዘር ስም ያወጣላት የአውሮፓዋ ዝርያ በመካከለኛው አውሮፓ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ በዚያ የሚገኙት ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። የጥንት አጥኚዎች ሌላም ነገር አስተውለዋል፦ ትልልቅ ጉንዳኖች ቤት የሚገኙት ፌንጣዎች ተለቅ ያሉ፣ ትንንሽ ጉንዳኖች ቤት የሚገኙት ደግሞ አነስ ያሉ ናቸው። ቤቱ በቁመቷ ላይ ሳይቀር ይታያል።

መታወቂያው ሽታ ነው

የእናቴን ጥያቄ ለመመለስ አስቀድሞ ጉንዳን ባዳን ከዘመድ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። በጎሬው ጨለማ ውስጥ ዓይን አይጠቅምም። የስዊዙ ሐኪምና የጉንዳን አጥኚ ኦጉስት ፎሬል በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጉንዳኖችን አንቴና ቆርጦ፣ በተፈጥሮ ደመኛ የሆኑትን ዝርያዎች አንድ ላይ አደረጋቸው። አልተጣሉም። ጠላትነታቸው ያለው በአንቴናቸው በኩል በሚገባው መልእክት ላይ ነበር።

በ1898 ጀርመናዊው አልብሬኽት ቤተ የበለጠ ጨከነ። ጉንዳኖችን በአልኮልና በውኃ አጥቦ፣ ከሌላ ጎሬ ከመጡ ከተጨፈለቁ ጉንዳኖች ጭማቂ ውስጥ ነከራቸው። እንዲህ የተነከረውን ጉንዳን የገዛ ቤቱ ልጆች አጠቁት፤ ባዕዳኑ ታገሡት። መልኩ ያው ነው፣ ጠባዩ ያው ነው፤ የተለወጠው ልብሱ፣ ማለትም ሽታው ብቻ ነው።

ያ ሽታ ዛሬ በኬሚስትሪ ስሙ ይታወቃል። ነፍሳት ሁሉ አካላቸው እንዳይደርቅ በስስ ሰም ይሸፈናሉ፤ በሰሙ ውስጥ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ዘይት መሰል ነገሮች በብዛት አሉ። የእያንዳንዱ የጉንዳን ቤት የሃይድሮካርቦን ቅይጥ የራሱ ነው። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት በርበሬ ገዝቶ ሁለት የተለያየ በርበሬ እንደሚያዘጋጅ ማለት ነው፦ ቅመሙ አንድ፣ መጠኑ ልዩ።

ግን ይህ ቅይጥ እንዴት የሁሉም ይሆናል? በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቪክቶሪያ ሶሮከርና አብርሃም ሄፈትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ የበረሃ ጉንዳኖችን ሲያጠኑ መልሱን በጉንዳን ራስ ውስጥ፣ ከጉሮሮ ኋላ ካለች አንዲት እጢ አገኙት። ጉንዳን ሰውነቱን ሲልስና ሌላውን ሲልስ ሃይድሮካርቦኑ ወደዚህች እጢ ይገባል። ከዚያ ለሌላው ጉንዳን ከአፉ ወደ አፉ ምግብ ሲሰጥ፣ ገላውንም ሲያብስ፣ ያንኑ መልሶ ያከፋፍላል። ያንዱ ለሌላው፣ የሌላው ለሦስተኛው እየተዳረሰ የቤቱ ሁሉ ሽታ አንድ ይሆናል።

ጉንዳኖች ከአፍ ወደ አፍ ለሚሰጣጡት ምግብ እኛ የተዘጋጀ ቃል አለን፦ ጉርሻ። በእኛ ማዕድ ጉርሻ ሆድ ከመሙላት ይልቅ ፍቅር መግለጫ ነው። በጉንዳን ቤት ግን ሁለት ነገር ነው፦ ምግብም ነው፣ መታወቂያም ነው። ከማዕዱ ተለይቶ ለብቻው የቆየ ጉንዳን ሽታው ከቤቱ ሽታ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ ቤተኛነት በልደት ተሰጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ዕለት ዕለት በመዳሰስ፣ በመላላስ፣ በመጎራረስ የሚታደስ ነው።

ጉንዳን ፌንጣዋን የሚያስገባበት በር ይኸው ነው። በሩ የተዘጋው በዘር አይደለም፤ በጠረን ነው። ሽታ ደግሞ በንክኪ ይጋባል።

ከጉንዳን እግር የሚላስ ቅባት

በ1900 ኦስቲን፣ ቴክሳስ። ዊልያም ሞርተን ዊለር በዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ ኋላ የዘመኑ ታላቅ የጉንዳን አዋቂ ለመሆን በቅቷል። “ኔብራስኬንሲስ” የተባለችውን የጉንዳን ፌንጣ ጉንዳኖች ከሚኖሩበት ሰው ሠራሽ ጎሬ ውስጥ አኑሮ ምን እንደምትበላ ተከታተለ። ያየውም የሚገርም ነበር።

ፌንጣዋ ዋና ምግቧን የምታገኘው ከጉንዳኖቹ ገላ ነው። ሁኔታውን በቅርብ እንየው። አንድ ጉንዳን ሥራውን አቁሞ ፀጥ ብሎ ቆሟል። ፌንጣዋ ከኋላው ትመጣለች፤ አንቴናዎቿ ቀድመው ይርገበገባሉ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ቆም። ሌላ እርምጃ። ወደ ጉንዳኑ የኋላ እግር አፏን ታስጠጋና እግሩን ከላይ ወደ ታች ትልሳለች፣ ትጭራለች። የምትፈልገው በቆዳው ላይ ያለውን ያንኑ ዘይታማ ሰም ነው። ጉንዳኑ እግሩን ይነጥቃታል፤ አንዳንዴ ይታገሣታል፣ አንዳንዴ መንጋጋውን ከፍቶ ይዞርባታል። ዞሮ ሲጨርስ ግን ፌንጣዋ እዚያ የለችም። ጥቂት ቆይታ በሌላ ጉንዳን እግር ላይ ናት።

በዚህች ትንሽ ድርጊት ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። ፌንጣዋ ትበላለች፤ እየበላችም የቤቱን ሽታ ትቀባለች። በጉንዳኖች መካከል ባለፈች ቁጥር፣ ባሻሸቻቸው ቁጥር፣ ልብሳቸው ወደ እሷ ይጋባል።

ይህን በኬሚስትሪ ያረጋገጡት ቶሺሃሩ አኪኖና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጥናታቸው በጃፓን በ1996 ታተመ። ከተለያዩ የጉንዳን ዝርያዎች ጎሬ የተወሰዱ ፌንጣዎች በቆዳቸው ላይ ያለው ሃይድሮካርቦን የየአስተናጋጆቻቸውን ይመስል ነበር። ፌንጣዋ ከጉንዳኖቹ ስትለይ ያ ሽታ እየቀነሰ ሄደ። ወደ ሌላ ዝርያ ጉንዳን ቤት ስትገባ ደግሞ የአዲሱን ቤት ሽታ ያዘች። የምትለብሰው የራሷ ሸማ አይደለም፤ የተዋሰችው ነው። ስለዚህ በየዕለቱ መዋስ አለባት። ለመዋስ ደግሞ መጠጋት፣ ለመጠጋት መድፈር፣ ለመድፈር ፈጥኖ መሸሽ ያስፈልጋል። የደነደነው ጭኗ ለምን እንዳልጠፋ ያኔ ይገባናል።

ሦስት ስም

በጉንዳን ቤት የሚኖሩት ፌንጣዎች ብቻ አይደሉም። ጥንዚዛዎች፣ የቢራቢሮ እጮች፣ ዝንቦች፣ ሸረሪቶች፣ ሌሎችም አሉ። ኤሪክ ቫስማን የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን በ1894 በጉንዳንና በምስጥ ቤት የሚኖሩትን ሲቆጥር ከጉንዳን ጋር የሚኖሩት ብቻ ከ1,200 ዝርያ በለጡበት። ቫስማን እነዚህን ሁሉ በኑሯቸው ከፋፈላቸው። ከክፍሎቹ ሦስቱን በአማርኛ ለመግለጽ ቃል መፍጠር አያሻም። ባይተዋር፣ በተገኘበት የሚባረረውና እየተሸሸገ የሚኖረው ነው። እንግዳ፣ ችላ ተብሎ የሚታለፈው፣ የማይጠላው ግን የማይጎርሰው ነው። ቤተኛ፣ እንደ ቤት ልጅ የሚላሰውና የሚጎርሰው ነው።

የጉንዳን ፌንጣ ከእነዚህ የትኛው ናት? ለብዙ ዘመን ሁሉም የጉንዳን ፌንጣ አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ይመስል ነበር። ይህን የለወጡት ጃፓናውያን ናቸው። ጃፓንኛ ለዚህች ነፍሳት “የጉንዳን ክምር ፌንጣ” የሚል ትርጉም ያለው የራሱ ስም አለው። እነዚህን ፌንጣዎች በመልክ መለየት ከባድ ነው። ሙኔቶሺ ማሩያማ በ2004 አዳዲስ ዝርያዎች ሲገልጽ የረዳው በአካላቸው ላይ ያለውን ቅርፊትና ፀጉር በአጉሊ መነጽር መመርመሩ ነው። ዛሬ በጃፓን 10 ያህል ዝርያዎች ይታወቃሉ።

ታካሺ ኮማትሱ ከማሩያማና ከታካኦ ኢቲኖ ጋር በ2009 ያሳተመው ጥናት በደቡብ ጃፓን በናንሴይ ደሴቶች የሚኖሩ ሁለት ዝርያዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛዋ “አልቢኪንክቱስ” ናት፤ ላቲኑ “ነጭ መቀነት የታጠቀች” ማለት ነው። በጠቆረ አካሏ ላይ በእርግጥም እንደ መቀነት የዞረ ነጭ መስመር አላት። የምትኖረው ከአንድ ጉንዳን ጋር ነው፦ እግሩ ረጅም፣ ሩጫው ቅጥ የለሽ ስለሆነ “ቢጫው እብድ ጉንዳን” ከተባለው ጋር። ሁለተኛዋ “ፎርሞሳኑስ” ናት፤ ስሟ ከታይዋን የድሮ ስም የመጣ ነው። እሷ ቤት አትመርጥም፤ በብዙ ዓይነት ጉንዳኖች ጎሬ ትገኛለች።

ባለመቀነቷ ቤተኛ ናት። በጉንዳኖቹ መካከል አትሸሽም። ወደ አንዱ ጉንዳን ፊት ቀርባ በአንቴናዋና በአፏ ትለምነዋለች፤ ጉንዳኑ ለገዛ ቤተሰቡ እንደሚያደርገው ከሆዱ የወጣ ፈሳሽ ያጎርሳታል። የዊለር ፌንጣ ከኋላ ተጠግታ የምትሰርቀውን፣ ይህች ከፊት ቀርባ ትቀበላለች።

ፎርሞሳኗ ግን ባይተዋር ናት። ጉንዳን ሲያገኛት ያጠቃታል፤ ትሸሻለች። የምትበላውን ራሷ ፈልጋ ትበላለች፤ ከጉንዳኖቹ ጋር የምትነካካው ጥቂት ነው። በአንድ ቤት ሳይረጋ የሚኖር ሰው ኑሮ ነው፦ ቀላል ዕቃ፣ ፈጣን እግር፣ ንቁ ዓይን።

እስከዚህ ድረስ ማን ያደላት እንደሆነ ግልጽ ይመስላል። አንዷ ትጎርሳለች፣ ሌላዋ ትባረራለች። ነገሩን የሚገለብጠው ግን ቤቱ ሲወሰድባቸው ነው። ፎርሞሳኗ ያለ ጉንዳን የቀረበላትን ምግብ ራሷ ትበላለች። ባለመቀነቷ ከአጉራሾቿ ስትለይ ራሷን ችላ መኖር ይቸግራታል። ሙሉ በሙሉ የተቀበላት ቤት፣ ያለ እሱ መኖርን አስረስቷታል። ባይተዋሯ የተነፈገችው ጉርሻ ነው፤ ቤተኛዋ የተነፈገችው ሌላ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ቸኩለን አንድ ሕግ እንዳናወጣ የሚከለክለን ሦስተኛ ዝርያ አለ። “ቴትራሞሪ” የተባለችው የጃፓን ፌንጣ እንደ ባለመቀነቷ አንድ ወገን ጉንዳን የመረጠች ናት። ግን ኮማትሱና ባልደረቦቹ በ2013 እንዳሳዩት በዚያ ቤት አትጎርስም፤ ራሷ ትበላለች፣ ጉንዳኖቹን ትርቃለች። አንድን ቤት መምረጥና በዚያ ቤት ቤተኛ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጎሬ ሙጥኝ ብሎ ዕድሜውን በሙሉ በእንግድነት የሚኖር አለ።

በዕቃ መሐል የተጓዘች

አንዲት ፌንጣ ደግሞ ቤቱ ራሱ ተነሥቶ ሲጓዝ አብራ ተጓዘች። “አሜሪካኑስ” ይሏታል፤ ስዊዘርላንዳዊው አንሪ ደ ሶሱር በ1877 ነው የሰየማት። ስሟ አሜሪካዊት ይሁን እንጂ መሠረቷ ከአሮጌው ዓለም ነው። አስተናጋጇ “ረጅም ቀንዱ እብድ ጉንዳን” የሚባል፣ በሰው ዕቃ ተጭኖ፣ በመርከብና በተክል አፈር ተሸሽጎ ዓለምን ያዳረሰ ትንሽ ጥቁር ጉንዳን ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተሞች በቤት ውስጥ ሳይቀር የሚታየው እሱ ነው። ጄምስ ዌተረርና ሲልቫን ኡጌል በ2008 የፌንጣዋን መስፋፋት ሲከታተሉ ጉንዳኑ በሄደበት እሷም እንደሄደች አገኙ፤ በ2014 ደግሞ ፍሎሪዳ መድረሷን ዘገቡ። ጉንዳኑ ቤቱን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ከጓዙ መሐል እሷም ነበረች።

ይህን ጽሑፍ በባዕድ አገር ሆኖ የሚያነብ ሰው የራሱን ኑሮ እንዳያይበት እሰጋለሁ። ንጽጽሩ ልክ አይደለም። ይህች ፌንጣ ለጉንዳኖቹ ስትሠራ አልታየችም፤ ትወስዳለች እንጂ። ስደተኛ ግን ሌሊት ተነሥቶ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርቶ፣ ከሚያገኘው ለሌላው ተርፎ የሚኖር ነው። ከነፍሳት የምንማረው ስለ ነፍሳት ነው። ለእኔ ይህች ፌንጣ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነው፦ በሌላው ላይ ተደግፎ የሚኖር ሁሉ፣ የሚኖረው የተደገፈበት እስካለ ብቻ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ምስክር ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በዚያ “ትልቁ ሰማያዊ” የሚባል ቢራቢሮ ነበር። እጩ ወደ ቀይ ጉንዳኖች ጎሬ ገብቶ የጉንዳኖቹን እጮች እየበላ ያድጋል። ሰዎች ቢራቢሮው እየጠፋ መሆኑን አይተው መስኩን አጥረው ጠበቁት፤ እሱ ግን መጥፋቱን አላቆመም። ጄረሚ ቶማስ የተባለ ተመራማሪ ምክንያቱን ሲያገኝ በጣም ዘግይቶ ነበር። እጩ በደህና የሚያድገው በአንድ ዝርያ ጉንዳን ቤት ነው፤ ያ ጉንዳን ደግሞ የሚኖረው ሣሩ ተግጦ ፀሐይ አፈሩን በምታሞቅበት መሬት ነው። በ1950ዎቹ ጥንቸሎች በወረርሽኝ አልቀው፣ የሚግጥ ከብትም ቀንሶ ሣሩ አደገ። አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ጉንዳኑ ሄደ። በ1979 ቢራቢሮው ከእንግሊዝ ምድር ጠፋ። ኋላ ከስዊድን አምጥተው፣ መስኩንም በግጦሽ አሳጥረው መለሱት። ቢራቢሮውን ለማዳን መጀመሪያ መዳን የነበረበት ጉንዳኑ ነው፤ ጉንዳኑን ለማዳን ደግሞ የአፈሩ ሙቀት።

ድንጋዩን መመለስ

“በል መልሰው” አለችኝ እናቴ። “ቤታቸው ነው።”

ድንጋዩን ላወርደው ስል ግን እጄን ያዘችኝ። “እንዲህማ ብታደርገው ትጨፈልቃቸዋለህ።” ቀስ ብላ ተንበርክካ፣ ድንጋዩ በአፈሩ ላይ የተወውን ጉድጓድ በዓይኗ ለካች። የጣት ጫፍ የሚያክሉ ሁለት ጠጠሮች አንሥታ ዳርና ዳር አስቀመጠች። ጉንዳኖቹ የመጨረሻዎቹን እጮች እስኪያስገቡ ጠበቅን። ከዚያ ድንጋዩን በአንድ ወገን አስጠግተን፣ በሌላው ወገን ቀስ እያልን አወረድነው፤ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ድንጋዩ በነበረበት አሻራ ላይ ልክ ብሎ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ማታ መስኮቱን ከፍተን ተቀምጠን ሳለ ከሣሩ ውስጥ ሲር ሲር የሚለው ዘፈን መጣ። በምሥራቅ አሜሪካ በግንቦት የሚጀምሩ የሜዳ ፌንጣዎች አሉ። እናቴ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች። “እነዚህ ዘመዶቿ ናቸው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “እሷ ግን አትሰማቸውም።” አትሰማቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ እናቴ ከቤት አልነበረችም። በመስኮት ሳይ ነጠላዋን አጣፍታ በጫካው ጠርዝ ቆማለች። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጥታለች። ጎንበስ ብላ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አሳረፈች፤ አላነሣችውም። ስትመለስ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች፣ “ሞቋል” አለችኝ።